ፍቅረኛህን ከመጠርጠርህ በፊት ራምህን ፈትሽ

ዛሬ የምንጫወተው ስለ ኮምፒውተር ነው። «ይሄ ደግሞ የኛን ገጽ ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ነገሩ ከትዳርም፣ ከኪስም፣ ከጓደኝነትም ጋር የተሳሰረ መሆኑን ታዩታላችሁ።

መቼም ኮምፒውተር ለዛሬ የከተማ ወጣት የሳሎን ጌጥ አይደለም። እንጀራ ነው። ግራፊክስ የሚሠራው፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚቆርጠው፣ የሰው ሒሳብ የሚይዘው፣ ጌም ቤት የከፈተው፣ ሁሉም በዚያች ሣጥን ነው የሚያድረው። ገንዘብ ጠበብ ያለበት ደግሞ ያለቀለት ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ ዕቃውን አንድ በአንድ እየለቀመ ዴስክቶፕ ይገጣጥማል። ብልህነት ነው፤ አልቃወምም። ችግሩ ሌላ ነው። ወጣቶቻችን ፕሮሰሰር ሲያወዳድሩና ስለ ግራፊክስ ካርድ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ራም ላይ ሲደርሱ ግን «ስንት ጊጋ ነው?» ብለው ያልፉታል። ስንትነቱስ ይሁን፤ ይታመናል ወይ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ወደዚህ ርዕስ ያመጣኝ አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፈችው ወጣት ስለ ኮምፒውተር ምክር አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ «እጮኛዬን ልተወው ወይስ ልታገሠው?» ብላ ነበር። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልጠራም። ታሪኩን በእሷ ፈቃድ ላጫውታችሁ።

ልጁ ቪዲዮ ያነሣል፣ ልጅቱ ትቆርጣለች። በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ ገጣጥመው፣ ከሰው ሠርግ እየለቀሙ ለራሳቸው ሠርግ ያጠራቅማሉ። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ 8 ጊጋባይት ራም ነበረው። ሥራው ሲበዛ ማሽኑ መንቀርፈፍ ጀመረ። እሱ አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ነጋዴ ሌላ ባለ 8 ጊጋ ፍሬ ገዝቶ መጣ። ካርቶን የለው፣ ደረሰኝ የለው። ዋጋው ግን ደስ ይል ነበር። ሰካው፣ ኮምፒውተሩ 16 ጊጋ ብሎ ቆጠረ፣ ሁለቱም ተደሰቱ።

ከሳምንት በኋላ መዓት ወረደ። የቪዲዮ መቁረጫው ፕሮግራም ራሱን እየዘጋ ይወጣል። ሰማያዊው ስክሪን አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ የሚል መልእክት ይዞ ብቅ ይላል። ትናንት ደህና የነበረ ቪዲዮ ዛሬ ሲከፈት አረንጓዴና ሮዝ መስመር ሞልቶት ይገኛል። እሱ «ምን ነካክተሽ ነው?» ይላል፤ እሷ «ምንም አልነካሁም» ትላለች። ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ተጫነ። ለውጥ የለም።

የባሰው የመጣው በአንድ እሑድ ሠርግ ነው። እሷ ከካሜራው ካርድ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠች፤ እሱ ካርዱን ለቀጣዩ ሥራ አጠፋው። ማክሰኞ ሲከፍቱት የቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓት ግማሹ ተበላሽቷል። የሙሽራዋ አባት ቤታቸው ድረስ መጥተው ጮኹ። ቀብዱ ተመለሰ። ስማቸው በሰፈሩ ጠፋ። ያን ዕለት ማታ ልጁ በንዴት «ሐሳብሽ ሥራው ላይ አይደለም፣ ከማን ጋር ስታወሪ እንደምትውዪ አላውቅም» አላት። እሷም ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ደብዳቤው የተጻፈልኝ በዚያ ሳምንት ነው።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው ያበቃው። ነገር ግን ደብዳቤዋ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ዓይኔን ያዘችው፤ «ራም ከጨመርን ወዲህ ዕድላችን ተበላሸ» ትላለች። እንደ ዋዛ ነው የጻፈችው። ዕድል ሳይሆን ራሱ ራሙ ቢሆንስ? ከማምነው አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጋር አገናኘኋቸው። ጠጋኙ ማሽኑን ሜምቴስት በሚባል መፈተሻ አስነሣው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። አዲሱን ፍሬ አወጣና የድሮውን ብቻ ትቶ ሌሊቱን አሳደረው፤ አንድም ስህተት የለም። አዲሱን ብቻውን በዚያው ስሎት ሰካው፤ ቀይ በቀይ ሆነ። በቃ። ሌባው ተያዘ።

ለመሆኑ አንዲት ፍሬ ይህን ሁሉ ጉድ እንዴት ትሠራለች? ራም ማለት ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ጠረጴዛ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሜሞሪ አባት የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ነው፤ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አሠራሩ ተአምር ነው። እያንዳንዷ የመረጃ ቅንጣት በአንዲት ኢምንት የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትቀመጣለች። በ8 ጊጋ ፍሬ ውስጥ ከ68 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ማጠራቀሚያዎች አሉ። ማጠራቀሚያዎቹ ያፈስሳሉ፤ ስለዚህ በ64 ሚሊ ሰኮንድ ውስጥ፣ ማለትም በሰኮንድ 15 ጊዜ ያህል እንደገና ይሞላሉ። ከዚህ ሁሉ ቢሊዮን ውስጥ አንዷ ብትደክም፣ 1 የነበረው 0፣ 0 የነበረው 1 ይሆናል። ሒሳብ መዝገብ ላይ «500» ብላችሁ የጻፋችሁት አንዲት ቅንጣት በመገልበጧ ብቻ «4596» ሊሆን ይችላል። የገለበጣችሁት ፋይል በራሙ በኩል ስለሚያልፍ እዚያው ተበላሽቶ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ተራ ኮምፒውተር ደግሞ «ስህተት አለ» ብሎ አይነግራችሁም። ዝም ብሎ ያሳልፋል። ሰዎች ሶፍትዌሩን፣ ቫይረሱን፣ ከዚያም እርስ በርስ የሚወነጃጀሉት ለዚህ ነው።

«እኔን አይገጥመኝም» የሚል ካለ ሁለት ነገር ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በጉግል ሰርቨሮች ላይ ለሁለት ዓመት ተኩል ያደረጉትን ክትትል ይፋ አድርገው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 የራም ፍሬዎች ከ8 በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስህተት አሳይተዋል። ሁለተኛው ደግሞ ሊነክስን የፈጠረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የራሱ የሥራ ማሽን መበላሸት ጀመረ። መጀመሪያ የጠረጠረው አዲሱን ሶፍትዌር ነበር። ሌሊቱን ሜምቴስት ሲያሳድር ግን ለሁለት ዓመት ተኩል ያለ ችግር ያገለገለ አንድ ፍሬ ራም መሞቱን አወቀ። እሱን ያሳሳተ እኛን አያሳስትም ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንውጣ። ራም ስትገዙ ምን ትመለከታላችሁ?

የመጀመሪያው፣ ዓይነቱ ነው። ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ሁለቱም 288 እግር አላቸው፤ መሐል ላይ ያለችው ቆራጣ ግን ቦታዋ ይለያያል። አልገባ ካለ በጉልበት አትጫኑት፤ ማዘርቦርዱን ትሰብራላችሁ። የላፕቶፕ ራም አጭር ነው፣ ለዴስክቶፕ አይሆንም። የኤኤምዲ ኤኤም 5 ማዘርቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር 5 ብቻ ነው። ከ12ኛው ትውልድ ኢንቴል ጋር የሚሄዱት ቦርዶች ግን ገሚሱ ዲዲአር 4፣ ገሚሱ ዲዲአር 5 ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የማዘርቦርዱን ሞዴል ወረቀት ላይ ጻፉ። «ባለ ሱቁ ያውቀዋል» አትበሉ።

ሁለተኛው፣ የሰርቨር ራም ነው። ከትልልቅ ሰርቨሮች የወጣ፣ ሬጅስተርድ የሚባል ራም አለ። ብዙ ጊጋ ሆኖ በርካሽ ሲቀርብ ያማልላል። የዲዲአር 4 ዘመኑ በዴስክቶፕ ስሎት ላይ ይገባል፤ ማሽኑ ግን አይነሣም። ተለጣፊው ላይ ዲዲአር 4 ከሚለው ፍጥነት ቀጥሎ «አር» የሚል ፊደል ካያችሁ ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው፣ የሠራው ማነው የሚለው ነው። በዓለም ላይ የሜሞሪ ቺፕ ከሚያመርቱት ትልልቆቹ ሦስት ናቸው፤ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን። ኪንግስተን፣ ኮርሴርና ጂ.ስኪል ቺፑን ከአምራቾች ገዝተው ፍሬውን አሰናድተው በየስማቸው የሚሸጡ ናቸው። ስም ያለው ኩባንያ ሁሉ አይሳሳትም አልልም፤ ግን የሚፈትሸውና የሚጠየቀው ባለቤት አለው። ስም የለሹ ፍሬ ግን ቢበላሽ ማንን ትጠይቃላችሁ? በቀለም ያሸበረቀ ቆርቆሮና የሚያበራ መብራት አያታላችሁ። መብራቱ ለዓይን እንጂ ለታማኝነት አይጨምርም።

አራተኛው፣ ስንትና እንዴት የሚለው ነው። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት 8 ጊጋ በመከራ ይበቃል። ለተማሪና ለቢሮ ሥራ 16 ጊጋ ደህና ነው። ቪዲዮ ለሚቆርጥ 32 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል። ከተቻለ ሁለቱን ፍሬ በአንድ ካርቶን አብረው የተሸጡትን ግዙ። አንድ ዓይነት ሲሆኑ ማሽኑ በሁለቱም በኩል እኩል ይሠራል፤ ፍጥነትም ይጨምራል። የተለያየ ፍሬ ብትቀላቅሉ ሁለቱም በዘገምተኛው ፍጥነት ነው የሚሄዱት፤ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አይስማሙም። ባለ አራት ስሎት ቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ተቆጥሮ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው። በዲዲአር 5 ደግሞ አራቱንም ስሎት መሙላት ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ያወርደዋል። 32 ጊጋ ከፈለጋችሁ አራት ባለ 8 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 ይሻላል።

አምስተኛው፣ የፍጥነት ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ «3600» ወይም «6000» ተብሎ የተጻፈው ፍጥነት ሰክታችሁ እንዳስነሣችሁ የሚገኝ አይደለም። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ስትከፍቱ ነው። ይህ ደግሞ ራሙን ከመደበኛው ልክ በላይ ማሮጥ ነው። ለጨዋታ ጥሩ ነው። እንጀራችሁ በማሽኑ ላይ ከሆነና ማሽኑ መወዛገብ ከጀመረ ግን መጀመሪያ ይህንን ዝጉት። በመደበኛው ፍጥነት ሰላም ካገኛችሁ እዚያው ተቀመጡ። ፈጣን ሆኖ ከሚዋሽ ዘገም ብሎ እውነት የሚናገር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ስለ ኢሲሲም ልበል። ስህተቱን ራሱ አይቶ የሚያርም ራም አለ፤ ሰርቨሮች የሚጠቀሙት እሱን ነው። በዴስክቶፕ ላይ የሚሠራው ግን ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩም ከፈቀዱለት ብቻ ነው። አንዳንድ ነጋዴ «ዲዲአር 5 ሁሉ ኢሲሲ አለው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ዲዲአር 5 በቺፑ ውስጥ የራሱን ስህተት የሚያርምበት ዘዴ አለው፤ ከቺፑ እስከ ፕሮሰሰሩ ባለው መንገድ ላይ የሚፈጠረውን ግን አይጠብቅም። ሙሉ ኢሲሲ ነው ብላችሁ ተጨማሪ ብር እንዳትከፍሉበት።

ስድስተኛውና ዛሬ ዋናው፣ ፎርጅድ ነው። ከ2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ወጥቷል። ምክንያቱ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት ቺፑን መሻማታቸው ነው። ማይክሮንም ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ገዢ የሚያቀርበውን እንደሚያቆም በዲሴምበር 2025 አስታውቋል። ዕቃ ሲወደድ ደግሞ ተለጣፊ የሚቀይር አይጠፋም። ስለዚህ ሻጩ ፊት ሰክታችሁ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። «ኤስፒዲ» በሚለው ገጽ ላይ የአምራቹ ስም፣ የሞዴል ቁጥሩና መጠኑ ይወጣል። ከተለጣፊው ጋር ካልገጠመ ዕቃውን መልሱ። ይሄም ቢሆን በአጭበርባሪ ሊቀየር ይችላል፤ ስለዚህ ዋናው ፈተና ገና ነው።

ዋናው ፈተና ሜምቴስት 86 ፕላስ ነው። ነፃ ነው። ፍላሽ ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ኮምፒውተሩን በፍላሹ ታስነሣላችሁ፣ ሌሊቱን ታሳድሩታላችሁ። ቢያንስ አራት ዙር ይጨርስ። መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠዋት ላይ አንድም ቀይ መስመር ካለ «አንድ ብቻ ናት» ብላችሁ አትለፉት። በራም ዓለም ጤነኛው ቁጥር ዜሮ ነው። ፍላሽ የማዘጋጀቱ ነገር ከከበዳችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚባል አለ፤ ከምንም ይሻላል፣ ጥልቀቱ ግን ያነሰ ነው። ስህተት ከወጣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ፣ በአንድ ስሎት ላይ እያፈራረቃችሁ ፈትኑ። ሁሉም ፍሬ በአንድ ስሎት ላይ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ በሽታው የቦርዱ ነው። አልፎ አልፎ ደካማ ፓወር ሰፕላይም የራም በሽታ ይመስላል። እግሩ የቆሸሸ ፍሬም እንዲሁ ያጭበረብራል። ጠጋኞች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው አሸት አድርገው ብናኙን ሲያራግፉት የሚድን አለ። ከመንካታችሁ በፊት ግን ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የሣጥኑንም ብረት ዳሰስ አድርጉ፤ ከሰውነታችሁ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ቺፑን ሊገድለው ይችላል።

ፈተናውን መቼ? በገዛችሁበት ሳምንት! በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው ሰው ምን ይዞ ይጠይቃል? እጮኛሞቹ ፍሬውን ይዘው ነጋዴው ዘንድ ሲሄዱ «እኔ አልሸጥኩላችሁም» ነው ያላቸው። በርካሽ ተገዝቶ የነበረው ራም የአንድ ሠርግ ሙሉ ዋጋ አስወጣቸው። ስለዚህ ደረሰኝ ላይ የሞዴል ቁጥሩ ይጻፍ፤ የሱቁ ጋራንቲም ለስንት ወር እንደሆነ በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን። ዩዝድ መግዛት ነውር አይደለም፤ ብዙ ዘመን የሚያገለግል ሞልቷል። ግን «ሌሊት ፈትኜ ነገ ካልሆነ እመልሳለሁ» ስትሉት ፊቱ የሚቀያየር ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሌላም አለ። ጥሩ ራም ገዛን ብላችሁ የሰውን አደራ በአንድ ማሽን ላይ አትጣሉ። የካሜራ ካርድ የተገለበጠው ቪዲዮ ተከፍቶ ሳይታይና ሌላ ዲስክ ላይ ሳይደገም አይጠፋም። የሰው ሠርግ ሁለተኛ አይደገምም።

አሁን ወደ ጠያቂዬ ልምጣ። እህቴ፣ «ልተወው ወይ?» ላልሽው መልሴ ይኸው። ልጁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲያውቅ አልቅሶ ይቅርታ መጠየቁን ነግረሽኛል። መልካም። ፍሬዋን ራሱ ገዝቶ እንዳመጣት ግን አትርሺ። ያም ሆኖ ራም በመግዛቱ አልፈርድበትም፤ ማንንም ያጋጥማል። የምፈርድበት ማሽኑን አንድ ሌሊት ሳይፈትን አንቺን በአንድ ቃል በመኮነኑ ነው። ሥራችሁ አንድ ላይ ስለሆነ ወደፊትም ብዙ ነገር ይበላሻል። ዲስክ ይሞታል፣ መብራት ይሄዳል፣ ደንበኛ ይከዳል። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ቃሉ «ምን ሆነ?» ይሆናል ወይስ «ምን አደረግሽ?» የሚለውን ጠብቀሽ እዪ። ቀለበቱን ለማጥለቅ አትቸኩዪ፤ ለመወርወርም አትቸኩዪ። ጥቂት ወራት ስጪው።

እናንተም አንባብያን፣ ማሽናችሁ ሰሞኑን ምክንያቱ በማይታወቅ ነገር እየረበሻችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሜምቴስቱን አስጀምሩት። ከጎናችሁ ያለውን ሰው የምትጠይቁት ጠዋት ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ይሁን። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!